የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኢፖክሲ ሬዚንን በፈሳሽ ቀለም ስለ ማቅለም

ኢፖክሲ ሬዚን ከማጠንከሪያ ፈሳሽ ጋር ሲዋሐድ ወደ ጠጣር የሚለወጥ ፈሳሽ ነው። ወደዚህ ዓምድ ስለ እሱ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በቀለም አጨማመር ላይ ነው። የጆሮ ጌጥ የምትሠራ ወጣትም ሆነች ጠረጴዛ የሚሠራ አናጢ፣ ሬዚኑን በጥንቃቄ ለክተው ካዋሐዱ በኋላ ቀለሙን በዓይን ግምት ሲያንጠባጥቡ እናያለን። ቀለሙ ግን ከሬዚኑና ከማጠንከሪያው ጋር በአንድ ኩባያ ገብቶ አብሮ የሚረጋ የቅመማው ሦስተኛ አካል በመሆኑ፣ እንደ ሁለቱ ሁሉ መመረጥና መመዘን ይገባዋል። ከዚህ በታች የቀረቡት መልሶችም ደጋግመው ወደዚሁ ነጥብ ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ የጆሮ ጌጥና የአንገት ሐብል ማንጠልጠያዎችን በሲሊከን ሞልድ (ሬዚኑ በሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) እየሠራሁ ለደንበኞች እሸጣለሁ። ቀለም ያልጨመርኩበት ሥራ ጠንክሮና ጠርቶ ይወጣልኛል። ቀለም የጨመርኩበት ግን በሦስተኛው ቀን እንኳ ጣት ይይዛል፤ አንዳንዱም በጥፍር ስጫነው ይሰረጉዳል። የምጠቀመው ለኬክ የሚሆን ፈሳሽ የምግብ ቀለምና ለሥዕል የሚሸጠውን አክሪሊክ ነው። ችግሩ ከቀለሙ ነው ወይስ ከአሠራሬ?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀለም የሌለበት ሥራዎ በደንብ የሚረጋ ከሆነ የልኬትዎና የማዋሐድዎ ነገር ደህና ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ መጠርጠር ያለበት በመጀመሪያ የቀለሙ ዓይነት፣ ቀጥሎም የጨመሩት መጠን ነው።

የግድግዳ ቀለም የሚደርቀው በውስጡ ያለው ውሃ ወይም ማቅጠኛ ተንኖ ሲያልቅ ነው። ኢፖክሲ ግን በመትነን አይረጋም። ሬዚኑና ማጠንከሪያው እርስ በርሳቸው እየተሳሰሩ ወደ አንድ ጠጣር መረብ ይለወጣሉ፤ ኩባያው የሚሞቀውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ መተሳሰር ውስጥ ድርሻ የሌለው ማንኛውም ፈሳሽ መውጫ አጥቶ በመረቡ መካከል ይቀራል፤ ሥራውንም ያለሰልሰዋል ወይም ያደፈርሰዋል። የምግብ ቀለም ባብዛኛው በውሃ፣ በግሊሰሪን ወይም በፕሮፒሊን ግላይኮል ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው። አክሪሊክም ቢሆን በቱቦው ውስጥ ሳለ ብዙ ውሃ ይዟል። በጣም ጥቂት አክሪሊክ ጠብ አድርገው ጉዳት ያልደረሰባቸው ሰዎች አሉ፤ ደማቅ ቀለም ለማግኘት ሲባል መጠኑ በጨመረ ቁጥር ግን እርስዎ የገለጹት ዓይነት ልስላሴ መምጣቱ አይቀርም። የዘይት ቀለምም ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከማጠንከሪያው ጋር ስለማይተሳሰር በመረቡ መካከል እንደ ቅባት ይቀመጣል።

ለሬዚን ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ ፒግመንት ከእነዚህ የሚለየው፣ እጅግ የደቀቀው የቀለም ብናኝ ውሃ በሌለበትና ከኢፖክሲ ጋር በሚስማማ ፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ የሚቀርብ በመሆኑ ነው። ሲገዙ በጠርሙሱ ላይ «ለኢፖክሲ» የሚል መጻፉን ያረጋግጡ፤ «ለሬዚን» የሚለው ብቻ አይበቃም፣ ለሌሎቹ የሬዚን ዓይነቶች፣ ለፖሊስተርና በጨረር ለሚረጋው ዩቪ ሬዚን፣ የተዘጋጁም ስላሉ። ከመጠቀምዎ በፊት ጠርሙሱን በደንብ ይነቅንቁት። ብናኙ ወደ ታች የሚዘቅጥ በመሆኑ፣ ሳይነቀነቅ የተጨመረ ቀለም በመጀመሪያ ላይ የገረጣ፣ ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከልክ ያለፈ የደመቀ ይሆንብዎታል፤ ከዚያም በኋላ የአንድ ጥንድ የጆሮ ጌጥ ግራና ቀኝ አልመሳሰል ይላሉ።

ስለ መጠኑ፣ አብዛኞቹ አምራቾች ቀለሙ ከጠቅላላው ቅይጥ ክብደት ከ5 ወይም ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። ይህ ከፍተኛው ጣሪያ ነው፤ ብርሃን ለሚያሳልፍ ሥራ ከ1 በመቶ በታች የሆነ መጠን እንኳ ይበቃል። ለጌጣ ጌጥ ሥራ አስቸጋሪው ነገር ቅይጡ ራሱ ትንሽ መሆኑ ነው። 15 ግራም ሬዚን ያዋሐደ ሰው ጣሪያው በ6 በመቶ ሲሰላ 0.9 ግራም ነው፤ አንዲት ጠብታ እንደ ጠርሙሱ አፍ ከ0.03 እስከ 0.05 ግራም ስለምትመዝን፣ ከ20 ጠብታ በኋላ ወደ አደጋው ክልል ገብቷል ማለት ነው። አንዲት ጠብታ ብቻ ደግሞ የዚህን ኩባያ ቀለም በግልጽ ትለውጣለች። ስለዚህ እስከ 0.01 ግራም ድረስ የሚለይ የወርቅ ሠሪዎች ዓይነት ትንሽ ሚዛን ይግዙ። ለዚህ ሙያ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ይህን የሚያህል የሚክስ የለም ብለን እናምናለን።

የአጨማመሩ ቅደም ተከተልም እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ኩባያውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ሬዚኑን ብቻ ጨምረው ክብደቱን ይጻፉ። ከዚያም ሚዛኑን እንደገና ወደ ዜሮ መልሰው ቀለሙን ያንጠባጥቡና እስኪዋሐድ ድረስ ያማስሉ። ማጠንከሪያው ገና ስላልገባ ሰዓት አያሳድድዎትም፤ የቀለሙን ድምቀት በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ነጭ ወረቀት ላይ እየቀቡ ማየትና ማስተካከል ይችላሉ። በመጨረሻም ማጠንከሪያውን መጀመሪያ በጻፉት የሬዚን ክብደት ልክ ይጨምሩ። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ቀለሙንም እንደ ሬዚን ቆጥረው ማጠንከሪያውን ያበዛሉ። ሌላው ስሕተት የይዘት መለኪያን ከክብደት ጋር ማምታታት ነው። መመሪያው «2 ለ1 በይዘት» ካለ፣ በሚዛን 2 ለ1 ማድረግ ስሕተት ይሆናል፤ ሬዚኑ ከማጠንከሪያው የበለጠ ስለሚከብድ በክብደት ሲሆን ለ100 ግራም ሬዚን ከ42 እስከ 45 ግራም ገደማ ይሆናል። ትክክለኛው ቁጥር ከምርት ምርት ስለሚለያይ ከመመሪያው ላይ ይውሰዱት።

ወደፊት ተመሳሳይ ችግር ሲገጥምዎ ምክንያቱን ከልስላሴው መልክ መለየት ይቻላል። ሥራው በሙሉ አንድ ዓይነት ልስላሴ ካለው ልኬቱ ተዛብቷል ወይም የማይረጋ ፈሳሽ በዝቷል። እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሆኖ ጣት ከያዘ የኩባያው ጠርዝና ታች ሳይጠረግ ቀርቷል፤ መፍትሔውም ለሦስት ደቂቃ ያህል አማስሎ ወደ ሁለተኛ ኩባያ መገልበጥና እንደገና ማማሰል ነው። ውስጡ ጠንክሮ ላዩ ብቻ የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ካወጣ ደግሞ፣ ማጠንከሪያው ከአየር እርጥበትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው። በክረምት፣ ክፍሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን ይህ ያጋጥማል፤ ለብ ባለ ውሃ ሲታጠብም ይለቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የአዲስ አበባ ሌሊትም ሬዚኑ ለመርጋት የሚያስፈልገውን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ስለማያገኝ ይዘገያል። በብርድ ብቻ የዘገየ ሥራ ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲዛወር ይጠነክራል። በቀለም ብዛት የለሰለሰውን ግን ማጠንከሪያ በላዩ ላይ በመቀባት ማዳን አይቻልም።

ጥያቄ፦ አናጢ ነኝ። ሁለት የዋንዛ ጣውላዎች አቀራርቤ በመካከላቸው የሐይቃችንን ውሃ የሚመስል ሰማያዊ ሬዚን የፈሰሰበት ጠረጴዛ ሠራሁ፤ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። በኩባያ ውስጥና በሙከራ ጠብታዬ ላይ ደስ የሚል ሰማያዊ የነበረው ቀለም ሲረጋ ጥቁር ሆኖ ቀረ። በዚያ ላይ በጣውላው ነጣ ያለ ዳር በኩል ቀለሙ ወደ እንጨቱ ሠርጎ አበላሸብኝ። ለሚቀጥለው ምን ላድርግ?
(አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሁለቱም ችግሮች ምክንያት የታወቀ ነው፤ ሁለቱንም አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

ከቀለሙ እንጀምር። ብርሃን በሚያሳልፍ ቀለም ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር የሚቀነሰው በተመሳሳይ ድርሻ ነው። ለምሳሌ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቅይጥ ከብርሃኑ ግማሹን ቢያሳልፍ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚያሳልፈው ሩቡን ነው፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ የሚያልፈው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ዓይን ደግሞ ይህን እንደ ጥቁር ያየዋል። ወረቀት ላይ ያረፈች ጠብታ ከአንድ ሚሊ ሜትር አትበልጥምና ስለ ጠረጴዛው ምንም ልትነግርዎ አትችልም። ውፍረቱ ሲጨምር ቀለሙ መቀነስ አለበት፤ ለ5 ሳንቲ ሜትር የሚያስፈልገው ሰማያዊ ለጆሮ ጌጥ ከሚጨመረው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመቶኛ ሲሰላ ከ0.1 በታች ይወርዳል። ይህን ያህል ትንሽ መጠን በቀጥታ መመዘን ስለሚያስቸግር፣ አንድ ግራም ፒግመንት በ99 ግራም ሬዚን ውስጥ አስቀድመው ያዋሕዱና ከዚህ ከቀጠነው እየመዘኑ ይጨምሩ። ይህን ቀጭን ቅይጥ ሲጠቀሙ ታዲያ በውስጡ ያለውን ሬዚን ማጠንከሪያ ሲያሰሉ መቁጠር አለብዎት፤ ፒግመንቱን ብቻ ነው የማይቆጥሩት።

የሙከራ ናሙና አሠራርም አለ፤ ማንም አናጢ በወርክሾፑ ሊያደርገው ይችላል። ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠባብና ረዘም ያለ ሣጥን ከቁርጥራጭ ላሚኔት ሠርተው ውስጡን በማሸጊያ ፕላስተር ይለብጡት። አንዱን ጫፍ በቁራጭ እንጨት ከፍ አድርገው ያጋድሉትና ያዋሐዱትን ሬዚን ያፍስሱበት። ሬዚኑ ምንጊዜም አግድም ስለሚተኛ፣ ሲረጋ በአንድ ጫፍ እንደ ወረቀት የሳሳ በሌላው ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ሽብልቅ ሆኖ ይወጣል። ወደ መስኮት አቅርበው ሲያዩት ከውሃ ቀለም እስከ ድቅድቅ ድረስ ያለው ደረጃ በሙሉ በአንድ ቁራጭ ላይ ይታያል፤ የሚፈልጉት ሰማያዊ በየትኛው ውፍረት ላይ እንዳለ በማስመሪያ ይለኩና ቀለሙን በዚያው ልክ ያስተካክሉ። የወደዱት ቦታ 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ፣ ለ5 ሳንቲ ሜትር የሚያስፈልገው ቀለም የዚያ አንድ አምስተኛ ነው። ሽብልቁን አይጣሉት፤ የቀለሙን ስምና መጠን በማርከር ጽፈው ቢያስቀምጡት ለደንበኛ የሚያሳዩት ምርጥ ናሙና ይሆናል።

ሐይቅ የሚያስመስለው ደግሞ የሰማያዊው ብዛት ብቻ አይደለም። ውሃ ከዳር ገርጥቶ ወደ መሐል ሲጠልቅ እንደሚደምቅ ሁሉ፣ ጥቂት ነጭ ወይም ዕንቁ የሚመስል የማይካ ዱቄት (የሚያብለጨልጭ የማዕድን ዱቄት) ከሰማያዊው ጋር ሲገባ ብርሃኑን ወደ ዓይን ስለሚመልስ ጥልቀቱ ይታያል። የማይካው መጠን ግን ከልክ ካለፈ ሬዚኑ ብርሃን ማሳለፉን ያቆምና ቀለም የተቀባ ጣውላ ይመስላል። በሣህን ወይም በትሪ ሥራ ላይ፣ ማለትም ከሬዚኑ ሥር እንጨት በሚኖርበት ጊዜ፣ ቡናማ ቢጫ የሆነው ዋንዛ ከሰማያዊው ሥር እየታየ ቀለሙን ወደ አረንጓዴ እንደሚስበውም ልብ ይበሉ።

ወደ እንጨቱ ስለ ሠረገው ቀለም፦ ነጣ ያለው የዳር እንጨት ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለሆኑ ፈሳሹን ይስባል። የሚከላከለው ቀለም የሌለው ሬዚን ነው። ጣውላውን በቅርጹ ውስጥ ከማሠርዎ በፊት ሬዚኑ የሚነካውን ዳር በሙሉ፣ ቅርፊቱ የተነሣበትን ጠርዝ ጭምር፣ በብሩሽ ንጹሕ ሬዚን ይቀቡት፤ ሲረጋም በብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ሻከር አድርገው ባለቀለሙን ያፍስሱ። ይህ ሽፋን ከእንጨቱ የሚወጣውን አየር ስለሚያፍን የአረፋውንም ችግር ይቀንሳል። የእንጨቱ እርጥበት ከ12 በመቶ በታች መሆኑን በመለኪያ ያረጋግጡ፤ እርጥብ ዋንዛ ላይ የፈሰሰ ሬዚን ጊዜ ቆይቶም ቢሆን ከእንጨቱ ይለያያል።

አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለን። አምስት ሳንቲ ሜትርን በአንድ ጊዜ ማፍሰስ የሚቻለው ለጥልቅ ሥራ በተዘጋጀ ቀስ ብሎ በሚረጋ ሬዚን ብቻ ነው። ለጠረጴዛ ገጽ የሚሆነው ፈጣኑ ሬዚን በዚህ ውፍረት ቢፈስ የራሱ ሙቀት ሊያቃጥለው፣ ሊሰነጥቀውና ጭስ ሊያወጣ ይችላል። በንብርብር የሚሠሩ ከሆነ ለሁሉም ንብርብር የሚበቃውን ሬዚን በአንድ ዕቃ አቅልመው ያስቀምጡና ከዚያ እየቀዱ ማጠንከሪያ ይጨምሩበት፤ በየቀኑ አዲስ የተቀመመ ቀለም መሥመሩ በጠረጴዛው ጎን ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ለወረቀት ሥዕል የምጠቀምበት የአልኮል ቀለም አለኝ። ለሬዚን ይሆናል?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሆናል፤ በጥቂቱ ከሆነ። የአልኮል ቀለም በአብዛኛው ሟሚ ማቅለሚያ ስለሆነ ብናኝ የለውም፤ በዚህም ምክንያት ከፒግመንት ይልቅ የጠራና እንደ ባለቀለም መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ውጤት ይሰጣል። ሞልድ ውስጥ ፈስሶ ገና ያልረጋ ሬዚን ላይ ባለቀለሙን ጠብ አድርገው በላዩ ነጩን የአልኮል ቀለም ቢያንጠባጥቡ፣ በነጩ ውስጥ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ነጭ ብናኝ ከሬዚኑ በብዙ እጥፍ ስለሚከብድ ባለቀለሙን እየገፋ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞልዱን ገልብጠው ሲያወጡት የሚታየው የአበባ ቅጠል የሚመስል ቅርጽ የሚፈጠረውም እንዲህ ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቁ። አልኮል ይነዳልና የአልኮል ቀለም በቅርቡ ባንጠባጠቡበት ሬዚን ላይ አረፋ ለማጥፋት ክብሪት፣ ላይተር ወይም የጋዝ ነበልባል አያቅርቡ። እንዲሁም ብዙዎቹ የአልኮል ቀለሞች በፀሐይ ብርሃን ስለሚደበዝዙ፣ መስኮት ላይ ለሚሰቀል ሥራ አይመረጡም።

ጥያቄ፦ ነጭ የሬዚን የግድግዳ ሰዓት ሠርቼ ሱቄ መስታወት ፊት ለፊት ሰቅዬው ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ወደ ቢጫ ተለወጠ። ጥሩ ነጭ ፒግመንት ብገዛ ይቀራል?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ነጩ ፒግመንት ራሱ አልተለወጠም፤ ቢጫ የሆነው ሬዚኑ ነው። የተለመደው የእጅ ሥራ ኢፖክሲ ቢስፌኖል ኤ ከተባለ ኬሚካል የሚሠራ ሲሆን፣ ሞለኪውሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ቢጫ ይሆናል። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነችው አዲስ አበባ ለሬዚን ከባድ ከተማ ናት። ነጭ፣ ክሬምና ቀለም የሌለው ሥራ ለውጡን ወዲያው ያጋልጣሉ፤ ጥቁር፣ ቡናማና ጥልቅ ሰማያዊ ግን ይሸፍኑታል። ጨረር መከላከያ የተጨመረበት ሬዚን ለውጡን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። ከነጩ ጋር እጅግ ጥቂት ወይንጠጅ ወይም ሰማያዊ ጠብታ መጨመር ቢጫነቱን ለዓይን ያለዝበዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ነጩን ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ለመስኮት የሚሆን ሥራ ሲያስቡ ካርቦን ጥቁር፣ የብረት ኦክሳይድ ቀይና ቡናማ፣ ፍታሎ ሰማያዊና ፍታሎ አረንጓዴ ብርሃንን በመቋቋም የታወቁ ፒግመንቶች መሆናቸውን ያስታውሱ፤ የሚያብለጨልጩት የፍሎረሰንት ቀለሞች ደግሞ ቶሎ የሚደበዝዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ለበዓል ስጦታ የሚሆኑ ትሪዎች ላይ የጥበብ ጥለት የሚመስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የወርቃማ መሥመር ላወጣ ስሞክር ቀለሞቹ እየተቀላቀሉ ጭቃ ይሆኑብኛል። እውነተኛ የጥበብ ቁራጭ ሬዚን ውስጥ ባስገባስ?
(አንባቢ፣ ከአሜሪካ)

መልስ፦ አዲስ የተዋሐደ ሬዚን ቀጭን ስለሆነ እየሄደ ይቀላቀላል። ለየብቻ ያቀለሟቸውን ኩባያዎች ማር እስኪመስሉ ድረስ ይጠብቋቸው፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በሬዚኑ ዓይነትና በክፍሉ ሙቀት ይወሰናል። በዚህ ጊዜ የሚፈሰው መሥመር ቦታውን ይዞ ይቆያል። ቀይና አረንጓዴ በተነካኩበት ቦታ ሁሉ ቡናማ መፍጠራቸው የቀለም ጠባይ ስለሆነ፣ በመካከላቸው ወርቃማውን ያስገቡ። የጥለት ስለታም ጠርዝ ከፈለጉ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል፦ አንዱን ቀለም አፍስሰው ጣት ሲነካው የማይነሣ እስኪሆን ይጠብቁ፣ ከዚያም ቀጣዩን ያስከትሉ።

እውነተኛ ጨርቅ ሲገባ ሌላ ችግር አለ። ጥጥ ነጭ የሚመስለው በክሮቹ መካከል ያለው አየር ብርሃኑን ስለሚበትነው ነው፤ ሬዚን ያንን አየር ሲተካው ጨርቁ እንደ ረጠበ ይጠቁርና ሥሩ ያለውን ያሳያል። ስለዚህ ጥበቡን አስቀድመው በሁለቱም ፊት ሲደርቅ በሚጠራ ነጭ ሙጫ ቀብተው ያድርቁትና ሥሩ ነጭ የቀለመ ሬዚን አንጥፈው ያሳርፉት። የጥለቱ ቀለም የሚለቅ መሆን አለመሆኑን በትንሽ ቁራጭ መሞከርም ይገባል።

ጥያቄ፦ ሬዚን መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ጣቶቼ መካከልና እጅ አንጓዬ ላይ እየቀላ ያሳክከኛል። ከቀለሙ ይሆን? ሥራው ሲያልቅ እጄን በአልኮል አጸዳለሁ።
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሥራውን ዛሬውኑ አቁመው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለዚህ ምልክት በተለምዶ ምክንያት የሚሆኑት ያልረጋው ሬዚንና ማጠንከሪያው ናቸው። ኢፖክሲ በተደጋጋሚ ቆዳን ሲነካ ሰውነት አለርጂ ሊያዳብር ይችላል፤ አንድ ጊዜ ከተፈጠረም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ንክኪ እንኳ ይበቃዋል። አልኮልና አሴቶን ሬዚኑን አቅጥነው ይበልጥ ወደ ቆዳ እንዲዘልቅ ስለሚያደርጉ ለእጅ ማጽጃ ፈጽሞ መዋል የለባቸውም፤ በወረቀት ጠርጎ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው ትክክሉ።

ለሌሎች አንባቢያንም፦ ከላቴክስ ይልቅ የናይትራይል ጓንት ይጠቀሙ፣ ሬዚን ሲነካውም ወዲያው ይቀይሩት። መስኮት ከፍተው ይሥሩ፤ ብዙ ሲያፈስሱ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ያስፈልጋል፤ ተራው የጨርቅ ማስክ ትነትን አያስቀርም። የማይካ ዱቄት ሲቀምሙና ሬዚን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ ደግሞ የብናኝ ማስክ ያድርጉ፣ የሚፈተገውንም በውሃ እያራሱ ይፈትጉት፤ ሥራው በደንብ የሚረጋው ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ድረስ ስለሆነ ከዚያ በፊት ብናኙ የበለጠ ይጎዳል። የተረፈ ቅይጥ ወደ ማጠቢያ ቱቦ አይፈስስም፤ በስሱ ዘርግተው ካረጉት በኋላ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ወፍራም ትርፍ በኩባያ ውስጥ ተትቶ ሲቀር ኩባያውን እስኪያቀልጥ ሊግል ይችላል።

ጥያቄ፦ የረከቦት ገጽ ላይ ባለቀለም ሬዚን አፍስሼ ለሽያጭ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ሲኒዎቹንም ከውስጥ በዚሁ ቀለም ባሳምራቸው ምን ይመስላችኋል?
(አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ረከቦቱን ይሥሩት፤ ሲኒውን ከውስጥ ግን አይንኩት። ለእጅ ሥራ የሚሸጥ ፈሳሽ ፒግመንት ለምግብና ለመጠጥ ንክኪ የተፈተነ ስላልሆነ፣ ትኩስ ቡና በሚነካው ቦታ ላይ መግባት የለበትም። የሲኒውን ውጭ እንኳ ሲያስጌጡ ከንፈር የሚያርፍበትን ጠርዝ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉት።

ስለ ረከቦቱ፣ ተራ የእጅ ሥራ ኢፖክሲ ከረጋ በኋላም ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ቡና በደጋ ከተሞቻችን ከፍታ የሚፈላው ከ90 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከከሰል ላይ የወረደ ጀበና ታች ደግሞ ከዚያም የበለጠ ይግላል። ስለዚህ ጀበናው በቀጥታ ካረፈበት ክብ ምልክት ይተዋል፤ ቀለሙ ጥቁር ወይም ጥልቅ ሰማያዊ ከሆነ ምልክቱ ጎልቶ ይታያል። ለሙቀት የተዘጋጀ ሬዚን ካገኙ ይምረጡ፤ ካላገኙም ለጀበናው ማረፊያ የሚሆነውን ቦታ ሬዚን ሳያፈስሱበት በእንጨቱ ይተዉት ወይም ረከቦቱን ከነማቶቱ ይሽጡት፤ ለገዢውም ጀበና ያለ ማቶት እንዳያሳርፍበት በጽሑፍ ይንገሩት።